ከመወጣጫው ላይ ስለ ወደቀው የሕንፃ አለቃ

ቤተ ክርስቲያን በታነጸች ጊዜ ያሳነጻት ንጉሥና የባረካት ጳጳስ ስማቸው ይጻፋል። በኢየሩሳሌም ያለችው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንደ ተፈጸመች ሁላችን እንናገራለን፤ ጉልላቷን ለማቆም በእንጨት መወጣጫ ላይ የወጡትን ግንበኞች ግን በስማቸው የሚጠራ ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንድን ሕንፃ አለቃ መውደቅ ሳይሸሽግ የጻፈ መነኩሴ መታሰብ ይገባዋል።

ይህ መነኩሴ በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ገዳም የኖረው ጀርቫስ ነው። የላቲን መነኩሴ ነውና በሃይማኖት ከእኛ ይለያል፤ የታሪክ አጻጻፉ ግን የሚመሰገን ነው። እርሱ እንደሚተርከው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1174 ዓ.ም. የካንተርበሪ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት በእሳት ተቃጠለ። መነኮሳቱም ዊልያም ዘሳንስ የሚባለውን ፈረንሳዊ የሥራው አለቃ አድርገው ሾሙት። እርሱም ከባሕር ማዶ ድንጋይ አስመጣ፤ ድንጋዩን ከመርከብ የሚያወርድ መሣሪያም በብልኀት ሠራ። በ1178 ዓ.ም. ታላቁን የድንጋይ ቅስት ለመድፈን ሲያዘጋጅ ሳለ፣ ከእግሩ በታች ያሉት አግዳሚዎች በድንገት ተሰበሩ። ከ50 ጫማ ከፍታ፣ ይኸውም ከ15 ሜትር ያህል፣ ከእንጨቱና ከድንጋዩ ጋራ ወደ ምድር ወደቀ። ከእርሱ በቀር የተጎዳ አልነበረም። ካልጋው ላይ ሆኖ ሥራውን ያዝ ነበር፤ ግንበኞቹን የሚቈጣጠር አንድ ብልህ ወጣት መነኩሴም ትእዛዙን ይፈጽም ነበር። በዚህ ሹመት ቅናት መነሣቱን ጀርቫስ አልደበቀም፤ የገዳም ነገር በየአገሩ አንድ ነው። ሐኪሞች ሊፈውሱት ባልቻሉ ጊዜ ዊልያም ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በእርሱም ፈንታ በስም ሞክሼው የሆነ እንግሊዛዊ ተተካ።

ጀርቫስ ይህን ውድቀት ወይ የእግዚአብሔር በቀል ወይ የዲያብሎስ ቅናት ያደርገዋል። ነገር ግን በገዛ ብዕሩ እንደ መሰከረው የተሰበረው እንጨት ነው። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ቢወድቅ የደሙ ዕዳ በባለቤቱ ላይ ነውና። ሕጉ ዕዳውን ለሰይጣን አልሰጠም፤ በወደቀውም ላይ አልጫነም። ሕንፃ የሚያሠራ ገዳምም ባለቤት ነው፤ አግዳሚውን ሳያስመረምር ሠራተኛ የሚያወጣ አበምኔት ከዚህ ሕግ ውጪ አይሆንም።

በ1180 ዓ.ም. በትንሣኤ ዋዜማ የካንተርበሪ መነኮሳት ወደ አዲሱ ቅኔ ማኅሌት ገቡ። የቀረውን ሥራ የፈጸመው ሁለተኛው ዊልያም ነው።