ከበረት የጀመረው ትምህርት

እኛ የጤናው ወገን ተመራቂዎች ስንገናኝ የዩኒቨርሲቲያችንን ዕድሜ ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው ከጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም ከ1983 ጀምሮ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኔም የሕክምና ተመራቂ ነኝና ለምን እንደዚያ እንደምንል ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም። ኢንስቲትዩቱ ሲከፈት የግብርናው ትምህርት ቤት እኮ ጅማ ላይ 31 ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚህ መጽሔት ስለዚያ ታላቅ ወንድማችን፣ በተለይም ስለ እንስሳት ሳይንስና ስለ መኖ ትምህርት ልጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው። ሐኪም ስለ ከብት ምን አገባት የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሰኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኦክላሆማ ነው። የኦክላሆማ ግብርናና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሔንሪ ቤኔት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከአጼ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተነጋገሩ። ብዙም ሳይቆዩ አባቶቻችን «ፖይንት ፎር» እያሉ የሚጠሩትን የአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ፕሮግራም እንዲመሩ ተሾሙ። በ1951 መጨረሻ ላይ ግን ቴህራን አቅራቢያ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። እሳቸው ባያዩትም ሥራው አልቆመም፤ በ1952 የጅማ ግብርና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዓለማያ ኮሌጅም፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የራሱ ግቢ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው እዚሁ ጅማ ነው። ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ምሥራቅ የሄዱት በ1956 ነው። ሐረማያ የተማሩ ወዳጆቻችን ይህን ስንነግራቸው ደስ አይላቸውም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባሉት ዶሮዎች ወደ ጅማና ወደ ዓለማያ የገቡትም በዚያው በ1950ዎቹ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» እያልን የምንከራከርበት እንቁላል አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ቀጥሎ የዲፕሎማ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1999 ደግሞ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ውሕደቱ የአስተዳደር ውሳኔ ነበር። ትምህርቱ ግን ቀድሞውንም ዘመዳም ነው። ሐኪም ስለ ምግብ ከሚያውቀው አብዛኛው የተገኘው ሆስፒታል ውስጥ አይደለም፤ በረት ውስጥ ነው።

በ1860ዎቹ ጀርመን አገር፣ ቬንደ በተባለች መንደር ባለ የግብርና ምርምር ጣቢያ፣ ሔኔበርግና ሽቶማን የተባሉ ሁለት ሰዎች የከብት መኖን በላቦራቶሪ የሚበትኑበትን ዘዴ አወጡ። ውሃው ስንት ነው፣ አመዱ ስንት ነው፣ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱ፣ አሰሩ ስንት ነው፤ የቀረው ደግሞ ስታርችና ስኳር ነው ብለው ለዩ። የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ እስከ ዛሬ ድረስ መኖ መመርመር ሲማር የሚጀምረው በዚህ ነው። በ1968 የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ ሲታተም፣ ጤፉም ሽሮውም ቆጮውም የተዘረዘረው በእነዚሁ ዓምዶች ነው። ይህን ሥራ የሠራው ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመው፣ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም ነው። ብዙዎቻችን ያደግንበትን ፋፋንም ያወጣው እሱ ነው። እንግዲህ ለላም የተቆረጠው ልብስ ለሕፃን ተሰፋ ማለት ነው።

ካሎሪውም እንዲሁ ነው። በሕፃናት ክፍል ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ መጀመሪያ የምንሰጠው ወተት «ኤፍ 75» ይባላል፤ 100 ሚሊ ሊትሩ 75 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ነው። አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም ስታርች 4 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል ብለን የምናሰላበትን ቁጥር የተወልን አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ የግብርና ኬሚስት ነው። የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በበቆሎ ላይ ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የዊስኮንሲኑ ነው። በ1907 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የግብርና ሰዎች 16 ጊደሮችን ወስደው አራት አራት አድርገው ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ከበቆሎ ብቻ፣ ሁለተኛው ከስንዴ ብቻ፣ ሦስተኛው ከአጃ ብቻ፣ አራተኛው ከሦስቱ ድብልቅ የተዘጋጀ መኖ እንዲበላ ተደረገ። ፕሮቲኑና ጉልበቱ በኬሚስቶቹ ስሌት አራቱም ዘንድ እኩል ነው። በወረቀት ላይ ልዩነት ሊኖር አይገባም። በበረቱ ውስጥ የሆነው ሌላ ነው፦ በቆሎ የበሉት አምረውና ወፍረው ጤነኛ ጥጃ ወለዱ፤ ስንዴ የበሉት ከሱ፣ ዓይናቸው ታወረ፣ ጥጆቻቸው ወይ ሞተው ተወለዱ ወይ ተወልደው ሞቱ። ሙከራው አራት ዓመት ቢቀጥልም የላቦራቶሪው ሠንጠረዥ ምክንያቱን አልነገራቸውም። ከተመራማሪዎቹ አንዱ ማኮለም ነበር። እሱ ነገሩን በአይጥ ወደ መመርመር ዞረና በ1913 ከማርገሪት ዴቪስ ጋር ዛሬ ቫይታሚን ኤ የምንለውን አገኙ። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየስድስት ወሩ በልጆች አፍ ውስጥ የምትጨምቃት ሰማያዊና ቀይ እንክብል ታሪኳ ከእነዚያ ዓይነ ስውር ላሞች ይመዘዛል። የምንሰጠው ሰዎች ይህን ብናውቅ አይከፋም።

ስለ ዩሪያ ደግሞ ላውራ። ለእኛ ዩሪያ ማለት የኩላሊት ምርመራ ነው፤ ሲበዛ የምንደነግጥበት፣ ሰውነት የሚጥለው ቆሻሻ። እንስሳት ሳይንስ የተማረን ሰው ብትጠይቁ መኖ ነው ይላችኋል። በላም ሆድ ዕቃ የመጀመሪያው ትልቅ ክፍል ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን የዩሪያውን ናይትሮጅን ወስደው የራሳቸውን ፕሮቲን ይሠራሉ፤ ላሚቱ በተራዋ እነሱን ትፈጫለች። ጉበቷ የሚሠራው ዩሪያም ሁሉ በሽንት አይወጣም፤ ከፊሉ በምራቋና በደሟ በኩል ወደዚያው ሆድ ተመልሶ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። ቁጠባ ማለት ይሄ ነው! ለዚህም ነው 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በጥብጦ 100 ኪሎ ጭድ ላይ መርጨት፣ ከዚያም ለሦስት ሳምንት ያህል አየር እንዳይገባው አፍኖ ማቆየት የሚመከረው። መጠኑ ካለፈ ግን ላሟን ይገድላል። ልክ እንደ መድኃኒት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ቀድሞ የነገረኝ ከግብርናው ግቢ የተመረቀ፣ ጅማ ዙሪያ ገጠር የሚሠራ ወዳጄ ነው። አንድ ቀን እግሩ ያበጠ የሦስት ዓመት ልጅ ያላት እናት ቤት አብረን ገባን። እኔ ልጁን አያለሁ፣ ጣቴን እግሩ ላይ ጫን አድርጌ ጎድጉዶ ሲቀር አየሁት። እሱ በኦሮምኛ እናትየዋን ያወራታል፤ ጥያቄው በሙሉ ስለ ላሟ ነው። መቼ ነጠፈች? ምን ትበላለች? የምትበላው የበቆሎ አገዳ ብቻ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ «ዶክተር፣ መኖው ከመቶ ሰባት ያህል ፕሮቲን ከሌለው እኮ ሆዷ ውስጥ ያሉት ይዳከማሉ፤ አገዳው ተከምሮ እያለ መብላት ታቆማለች» አለኝ። የጭድና የአገዳ ፕሮቲን ብዙውን ጊዜ ከመቶ አራት አምስት አያልፍም፤ የኑግ ፋጉሎ ግን ሠላሳ ይደርሳል። (የልጆች እብጠት የፕሮቲን ማነስ ብቻ ነው የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ አሁን እንደማያስኬድ አውቃለሁ፤ ወተት ያጣ ቤት ግን ያጣው ፕሮቲን ብቻ አይደለም።) ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ላክነው። ወዳጄ እዚያው ቀርቶ ስለ ፋጉሎ ያስረዳ ነበር።

ይሁንና ይህን ትምህርት ወድዶና መርጦ የሚገባበት ብዙ አይደለም። ምደባ ሲወጣ «እንስሳት ሳይንስ» የደረሰው ልጅ ቤተሰቡ ፊት ሲቆም ምን እንደሚባል ሁላችንም ሰምተናል፦ «ከብት ለመጠበቅ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይኬዳል እንዴ?» ከብት የሚያኖረው ገበሬ ልጅ ራሱ ሲያፍርበት ማየት ያሳዝናል። ባዮኬሚስትሪውን፣ ፊዚዮሎጂውን፣ ጄኔቲክሱን እኛም እነሱም ተምረናል። ስለ ምግብ ግን እነሱ በሰፊው ይማሩታል፤ በሕክምና ትምህርት፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ሥነ ምግብ የሚያገኘው ሰዓት ጥቂት ነው። እኔ ሚዛኑ ወደ ማን እንደሚያጋድል አልጠራጠርም።

ሁለቱ ግቢዎች የግድ የሚፈላለጉበትም ጊዜ መጥቷል። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከሚመረተው ወተት ናሙና ተወስዶ ሲመረመር አፍላቶክሲን ተገኘበት። ይህ ሻጋታ የሚያመነጨው፣ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። ዋናው መግቢያ በርም ያው ያመሰገንነው የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ እርጥበት ባለበት መጋዘን ሲከማች ይሻግታል፣ ላሚቱ ትበላዋለች፣ መርዙ ቅርጹን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያጠፋውም። ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ እኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ መከላከያው ግን ፋጉሎው በሚደርቅበትና በሚከማችበት ቦታ፣ በእነሱ እጅ ነው።

በዚህ ዓመት ስንሰባሰብ የግብርናውን ግቢ ለመጎብኘት የምትፈልጉ የጤና ተመራቂዎች ካላችሁ ንገሩኝ፤ አብረን እንሄዳለን። የመኖ ላቦራቶሪውን ማየት እፈልጋለሁ፤ ወዳጄም አስጎበኛችኋለሁ ብሏል።