በደብረ ማርቆስና አካባቢው ለነባር ሞተር ብስክሌቶች የሚደረግ የጎማ ምርጫና እንክብካቤ

ለግብርና፣ ለጤናና ለሌሎች የመስክ ሥራዎች ለዓመታት ያገለገሉ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉ ነባር ሞተር ብስክሌቶች ዛሬም በጎጃም ደጋ መንገዶች ላይ ይታያሉ። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ሞተር በጥገና ዕድሜው ሊራዘም ይችላል። ጎማ ግን ቆሞም ያረጃል፤ አሽከርካሪውን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘውም በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ያለው ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ስፋት ብቻ ነው።

ጎማ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚታየው በጎኑ ላይ የተጻፈው መጠን ነው። በዲቲ 125 የፊት ጎማ ላይ የሚገኘው 2.75-21 የሚለው ጽሑፍ ስፋቱ 2.75 ኢንች፣ የቸርኬው ዲያሜትር ደግሞ 21 ኢንች መሆኑን ያመለክታል፤ የኋላው 4.10-18 ነው። ከተወሰነው መጠን የሰፋ ጎማ መግጠም ለዕይታ ያማረ ቢመስልም ከሰንሰለቱ ወይም ከሹካው ጋር ሊፋተግ ይችላል።

በገበያ ላይ ይበልጥ የሚያሳስበው የምርት ዘመን ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተመረቱ ጎማዎች ላይ ዲኦቲ ከሚለው ምልክት በኋላ የሚገኙት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይገልጻሉ። 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ ነው። መጨረሻው 12 የሆነን ጎማ በ2012 ዓ.ም. እንደተመረተ አድርጎ የወሰደ ገዢ በእርግጥ የያዘው የ2004 ወይም የ2005 ዓ.ም. ምርት ነው። ብዙ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲለወጥ ይመክራሉ።

የጥርሱ ዓይነት እንደ መንገዱ ይወሰናል። በቢቸናና በአካባቢው ባለው የዋልካ አፈር ላይ በክረምት ለሚጓዝ፣ ጥርሶቹ የተራራቁ ጎማ ጭቃውን በቀላሉ ያራግፋል። ይኸው ጎማ ግን ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው አስፋልት ላይ፣ በተለይም መንገዱ እርጥብ ሲሆን፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ሁለቱንም መንገድ ለሚጠቀም መካከለኛ ጥርስ ያለው ጎማ ይሻላል። አዲስ ጎማ የተገጠመለት ሞተር ብስክሌት የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በዝግታ መነዳት ስላለበት በማግስቱ ወደ በረሃው መውረድ አይገባም።

የንፋስ መጠን የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ጠዋት ከጉዞ በፊት ነው። በጎማው ጎን የተጻፈው የሚችለው ከፍተኛ መጠን እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም፤ ልኩ በተሽከርካሪው መመሪያ ላይ ይገኛል። ከደብረ ማርቆስ ከፍታ ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ የአካባቢው የአየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ያሳያል፤ የበረሃው ሙቀት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል። ሁለቱ በአብዛኛው ስለሚካካሱ ድልድዩ አጠገብ ቆሞ ከሞቀ ጎማ ንፋስ ማስተንፈስ ስሕተት ነው። በጭቃ ላይ እንዲይዝ ሲባል ንፋስ የተቀነሰለት ጎማም አስፋልት ከመድረሱ በፊት መሞላት አለበት፤ ለዚህም የእጅ ፓምፕ መያዝ ያስፈልጋል።

የነባሮቹ ቸርኬ ባለሽቦ በመሆኑ ጎማው የውስጥ ጎማ ይፈልጋል። የውጩ ሲለወጥ የውስጡም አብሮ ቢለወጥ፣ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው የጎማ ቀበቶም በጎሚስታው ቢታይ መልካም ነው። የንፋስ መሙያው ጫፍ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ካዘነበለ፣ ጎማው በንፋስ ማነስ ምክንያት በቸርኬው ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው። ይህ ከታየ ጉዞው ሳይቀጥል ንፋሱ ተለቅቆ ጎማው ወደ ቦታው ሊመለስ ይገባል፤ ካልሆነ የመሙያው ሥር ተቀድዶ ንፋሱ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል።