ዱሼን የጡንቻ መመንመን

ዱሼን የጡንቻ መመንመን በዘር የሚተላለፍ፣ በአብዛኛው ወንዶች ልጆችን የሚያጠቃና ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያዳክም በሽታ ነው። በዓለም ላይ ከ3,500 እስከ 5,000 ከሚደርሱ ወንድ ሕፃናት አንዱ ይዞት ይወለዳል። ስያሜው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሽታውን በዝርዝር ከገለጸው ፈረንሳዊ ሐኪም ጊዮም ዱሼን የመጣ ነው።

መንስኤው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ የሚገኘው የዲስትሮፊን ዘረ መል ጉድለት ሲሆን፣ ዘረ መሉን በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ያገኘው የሉዊስ ከንክል የምርምር ቡድን ነው። ዲስትሮፊን የጡንቻ ሕዋስ ሲኮማተር ሽፋኑ እንዳይቀደድ ይጠብቃል። እሱ ሲጎድል ጡንቻው እየሞተ በስብና በጠባሳ ይተካል። ልጁ ብዙውን ጊዜ 13 ዓመት ሳይሞላው መራመድ ያቆማል፤ ቆይቶም ልብና ትንፋሽ ይጎዳሉ። ጉድለቱ ከተሸካሚ እናት ሊወረስ ይችላል፤ ከሦስት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ግን በልጁ ላይ እንደ አዲስ የተከሰተ ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሆን እናትን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በምዕራብ ሸዋ አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪ፣ ጌዶም ሆነ ባኮ የሚኖር ቤተሰብ በሽታውን በቀላሉ ላይለየው ይችላል። የልጁ ባት ወፍራም ስለሚሆን ጠንካራ ያስመስለዋል። ዘግይቶ ይራመዳል፣ ቶሎ ቶሎ ይወድቃል፣ ከመሬት ሲነሳም በእጆቹ ጭኖቹን እየተደገፈ ወደ ላይ ይወጣል። የእግር ድካም ሲታይ ፖሊዮ ቀድሞ መታሰቡም አይገርምም፤ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን ቤት ለቤት ባጠኑበት ሥራ ከሚጥል በሽታ ቀጥሎ ጎልቶ የተገኘው የፖሊዮ ሽባነት ነበር። ይሁንና የፖሊዮ ቅኝት የሚፈልገው በድንገት የሚመጣን ሽባነት ነው። ዱሼን ግን በዓመታት ስለሚጓዝ ከዚያ ቅኝት ውጭ ይቀራል።

በቅርብ ዓመታት ምርምሩ ብዙ ተራምዷል። የዘረ መሉን አንድ ክፍል የሚያዘልል መድኃኒት፣ ኢቴፕሊርሰን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የሚጠቅመው ግን ከታማሚዎቹ 13 በመቶ ገደማውን ነው። የዲስትሮፊን ዘረ መል ወደ ሕዋስ ተሸክሞ ለሚያደርሰው ቫይረስ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ተመራማሪዎች አሳጥረው ሠሩት፤ ኤለቪዲስ የተባለው ይህ ሕክምና በ2023 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ። ሲፈቀድ ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. መራመድ ያቆሙ ሁለት ልጆች በጉበት መድከም ከሞቱ በኋላ አጠቃቀሙ ተገድቧል።

ለምዕራብ ሸዋ ልጆች የሚቀርበው ግኝት ሌላ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 196 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት በየቀኑ የሚወሰድ ፕሬድኒሶን ወይም ዴፍላዛኮርት እያቋረጡ ከሚወስዱት ፕሬድኒሶን እንደሚሻል አሳይቷል። የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት የሆነው ፕሬድኒሶሎን ርካሽና በአገራችን የታወቀ ነው፤ የመራመጃ ጊዜን ያራዝማል። ይሁን እንጂ አጥንትን ማሳሳትና ውፍረት ያስከትላል፤ ከመጀመሩ በፊት የሳንባ ነቀርሳ መኖሩ መጣራት ይገባዋል፤ በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ክሬቲን ካይኔዝ በሚባል የደም ምርመራ ነው፤ በዱሼን መጠኑ ከመደበኛው አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል። የጉበት ምርመራ ውጤት አብሮ ከፍ ስለሚል ልጁ የጉበት በሽተኛ ተብሎ ሊታከም ይችላል። ስለዚህ ጭኑን እየተደገፈ የሚነሳ ወንድ ልጅ ያያችሁ ወላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ በአምቦም ሆነ በአዲስ አበባ የክሬቲን ካይኔዝ ምርመራ እንዲታዘዝለት ጠይቁ።