ቀድሞ የሄደው እንዝርት ነው

ቀሐ በጎንደር ከተማ ምዕራብ ወርዶ፣ ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ ሞልቶ፣ ከታች ከአንገረብ ጋር ተገናኝቶ በመገጭ በኩል ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። በበጋ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፤ በክረምት ድንጋዩን ራሱን ያንከባልላል። ስለ ጎንደር የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከግንቡ ይጀምራሉ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለእኔ የከተማዋ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ወንዝ ዳር፣ ከድርና ከማግ ነው።

አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ልጃቸው አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 በጉባኤ አስወስነው ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይቀመጥ አሉ። ሙስሊሞቹም ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል ወርደው ሰፈሩ፤ ሰፈሩ እስላም ቤት ተባለ፣ በኋላም አዲስ ዓለም። ትእዛዙ የመለያየት ትእዛዝ ነበር፤ ይሁን እንጂ የላይኛው ግቢ ያለ ታችኛው ሰፈር አንድ ቀን ውሎ አያድርም ነበር። ነጋዴውም፣ ከሸማኔውም ብዙው ከዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በቀሐ ዳር አንድ ሺህ ያህል ቤት ያለው የሙስሊሞች ከተማ እንዳየ፣ ሰዎቹም ታታሪዎች እንደሆኑና ብዙዎቹ የንጉሡንና የመኳንንቱን የዘመቻ ጓዝ እንደሚይዙ ጽፏል። በሰሜን በኩል፣ በወለቃና በዙሪያዋ፣ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ።

እነዚህ ሰዎች የተሰደቡትን ስድብ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» ይባል ነበር፤ ብረት ሠሪው ቡዳ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። ከሸማኔ ጋር አንድ ገበታ የማይቀርብ መኰንን ያው ሸማኔ የሠራውን ጃኖ ለብሶ ግብር ይገባ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ቆይቷል። እኔም ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። የሸማኔ ልጅ ዛሬ የአባቱን ሙያ ለምን ተወ ብለን የምንጠይቅ ሰዎች መልሱን ከንግዱ ብቻ መፈለግ የለብንም።

ስለ ጃኖ ካነሣሁ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ቀይ ጥለት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። የጎንደር ሸማኔ ነጩን ክር ከአገር ጥጥ ያገኛል፤ ጥጡ ከቆላ፣ ከአርማጭሆና ከቋራ፣ ከመተማ በኩል ይወጣል። ደማቁን ቀለም ግን የሚያገኘው ከሕንድ በቀይ ባሕር በኩል ከሚመጣ ጨርቅ ነበር። ያን ጨርቅ ገዝቶ ክሩን አንድ በአንድ ይተረትረዋል፤ የተተረተረውን ክር መልሶ በገዛ ሸማው ጠርዝ ላይ ይሠራዋል። የአገራችን ክብር የሚባለው ልብስ ጥለቱ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ ሳይሆን ከባሕር ማዶ ሸማኔ እጅ የወጣ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ድሮ ሁሉ የራሳችን ነበር፣ የውጭ ዕቃ አበላሸን» የሚለውን ወሬ አልቀበልም። የውጭ ዕቃ ጎንደር መግባት የጀመረው ነገሥታቱ ሳሉ ነው። ልዩነቱ ሌላ ነው፦ ያኔ የመጣው ሁሉ ገላ ላይ ከመዋሉ በፊት በሸማኔው እጅ ያልፍ ነበር።

ከሸማኔው በፊት ደግሞ በሴት እጅ ያልፍ ነበር። ይህን ብዙ ሰው ስለማይናገረው ዘርዘር ላድርገው። ጥጡ ከነፍሬው ይመጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርጎ በብረት ዘንግ ይዳመጣል፤ ፍሬው ወደ ፊት ይፈናጠራል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ሲመታው ጥጡ እየተፍታታ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ይጠቀለልና በእንዝርት ይፈተላል። እንዝርቷ በጭን ላይ ተሽከርክራ ትለቀቃለች፤ የግራ እጅ ወደ ላይ ይሳባል፤ ክሩ ከጥጡ ይወለዳል። ድሩ ጠንካራና የተጠመዘዘ ክር ይፈልጋል፤ ማጉ ለስላሳና ላላ ያለ። ጎበዝ ፈታይ ሁለቱንም በጣቷ ታውቀዋለች።

አያቴ እንዲህ ነበረች። ሌሊት በኩራዝ ብርሃን ትፈትላለች፣ ልቅሶ ቤት ስትሄድ ይዛው ትሄዳለች፣ እያወራች ትፈትላለች። የወይዘሮም የገበሬ ሚስትም ሥራ ነበር፤ በመፍተል የምታፍር ሴት አልነበረችም። አንድ ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሸማኔው በቀናት ለሚጨርሰው ጋቢ ፈታይዋ ክሩን ለማድረስ ወራት ይፈጅባታል። ለአንድ ሸማኔ ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉት ነበር። ፈትሉም የሴቲቱ ነበር። እህሉን ባል ይቆጥረዋል፣ ከብቱን ባል ይሸጠዋል፤ ፈትሉን ግን ቅዳሜ ገበያ ይዛ ወርዳ የምትሸጠው እሷ ናት፣ ገንዘቡም የእሷ ነው። ወይም ደግሞ ፈትሏን ለደንበኛ ሸማኔዋ ሰጥታ የእጁን ትከፍለዋለች፤ ልብሱን ለልጇ ሠርግ ወይም ለራሷ መገነዣ ታስቀምጠዋለች። አያቴ በራሷ ፈትል የተሠራ ነጠላ ለብሳ ነው የተቀበረችው።

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለጎንደር የእሳት ዘመን ነበር። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1864ና በ1866 ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሏት፤ በ1888 መጀመሪያ ከሱዳን ደርቡሽ መጥቶ የተረፈውን አቃጠለ። በዚያው ክፍለ ዘመን በምጽዋ በኩል አቡጀዲ መግባት ጀመረ፤ በመጀመሪያ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚመጣ ነጭ ጨርቅ ነበር። ለሱሪና ለእጀ ጠባብ፣ ለድንኳንም ሆነ። ለሸማ ግን አልሆነም፤ ሸማ የሚለበሰው ተጣጥፎ፣ ተደርቦ፣ ትከሻ ላይ ተጥሎ ነው፣ አቡጀዲ ደግሞ ደረቅ ነው። ሸማኔው ሱሪውን አጣ፣ ሸማውን ያዘ።

ጣሊያን በመጋቢት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ጎንደር ገባ፣ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ፒያሳን፣ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማ ቤቱን ትቶልን ሄደ፤ ከሁሉም በላይ ግን በሊማሊሞ ገደል የቀደደውን የአስመራ መንገድ። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ካሚዮን በቀናት ጨረሰው። ከዚያ ወዲያ የፋብሪካ ክርና ጨርቅ ጎንደር ለመድረስ የነጋዴ ቅፍለት መጠበቅ አላስፈለገውም።

ለእንዝርቱ መሞት ምክንያት የሆነው ግን ቅርብ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ባሕር ዳር ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። የፋብሪካ ድር በየሱቁ ተገኘ። እኩል ነው፣ አይበጠስም፣ ርካሽ ነው። ሸማኔዎቹ በመጀመሪያ ድሩን ብቻ ቀየሩ፤ ማጉ የሴት ፈትል ሆኖ ቀረ። ሰውም «ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ» እያለ መግዛት ለመደ። ቀስ በቀስ ለብዙው ልብስ ማጉም የፋብሪካ ሆነ። የእጅ ፈትል ዛሬ የሚገኘው ለጋቢና ውድ ለሆነ ልብስ ነው፤ ከልጆቻችን እንዝርት መያዝ የሚችሉ ጥቂት ናቸው።

የእህል ወፍጮ ሲመጣ ያለቀሰ ሰው የለም። እናቶቻችን በድንጋይ ወፍጮ ወገባቸው ጎብጦ ነበርና ሞተሩን መረቁት፤ እኔም እመርቀዋለሁ። የፋብሪካ ክር ግን ከዚያ ይለያል። ሴቲቱን ከድካም ገላገላት፤ አብሮ ገንዘቧን ወሰደ። ወፍጮው ክፍያ የሌለውን ሥራዋን ወሰደ፣ ክሩ ደሞዟን ወሰደ። የሽመና ታሪክ ሲጻፍ ሸማኔው ብቻ ስለሚጻፍ፣ በእነዚያ ዓመታት ስንት ሴት የራሷን የቅዳሜ ገበያ እንዳጣች የቆጠረ የለም።

ሸማኔው እንዲያውም በረታ። ፈትል ፍለጋ መንከራተቱ ቀረለት፤ ቀን ከቀን መሥራት ቻለ። በደርግ ጊዜ ሸማኔዎች በማኅበር ተደራጅተው ክር በኮታ ይሰጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 መካከል በነበሩት የማጓጓዝ ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ወለቃ ስሟ ቀረ፣ ሸማኔዎቿ ግን በረሩ። የቀሩት የከተማው ሸማኔዎች ገበያው ሰፋላቸው።

ልብሱ የሚታጠበውም ቀሐ ውስጥ በእንዶድ ነበር። ይህን የማነሣው ለትዝታ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙት እንዲህ ካለ ወንዝ ዳር ነው። የእናቶቻችን የወንዝ ዳር ሥራ ዕውቀት ነበረው።

አሁን ወደ እኔ ሱቅ ልምጣ። በእጅ የተሸመነ ልብስ ወርዱ የሸማኔው ክንድ በደረሰበት ልክ ነው፤ መወርወሪያውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚወረውረው ራሱ ነውና። ስለዚህ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ይሰፋል፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው። ጥበቡ በድሩ ውስጥ ስለተሠራ ጀርባውን ብትገለብጡት ክሩ ሲመላለስ ታያላችሁ። ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሌላ ጨርቅ መጣ፦ የጥበብ ሥዕል በማሽን የታተመበት፣ ከውጭ በጥቅል የሚገባ። ወርዱ ሰፊ ነው፣ መጋጠሚያ አያስፈልገውም። ጀርባው ደብዛዛ ነው፤ ጥለቱ ፊቱ ላይ ብቻ ነው ያለው። ዋጋው የእጁን ሩብ አይሞላም። በሩቅ ሲያዩትና በስልክ ፎቶ ሲያዩት አይለይም። ሰው ደግሞ አሁን ልብስ የሚመርጠው በስልክ ነው።

ጎንደሬ ሆኖ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ሲባል ሰምቶ ያላደገ የለም። የድሮዋ ሴት አንድ ቀሚስ አሠርታ ለስንት ጥምቀት ትለብሰው ነበር፤ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ። ዛሬ የከተራ ለት ፎቶው ማታውኑ በቲክቶክና በቴሌግራም ይዞራል፤ አምና የታየ ቀሚስ ዘንድሮ አይለበስም። የጓደኛ ቡድን አንድ ዓይነት ለብሶ ይወጣል፤ ቡድኑ የመረጠውን ያልገዛች ልጅ ታቦት ለማጀብ ታፍራለች። በየዓመቱ አዲስ የሚገዛ ሰው የእጅ ሥራ መግዛት አይችልም፤ የታተመውን ይገዛል። ልጆቹን አልወቅስም፤ ገበያው በዓሉን ራሱን የመግዣ ቀን አድርጎባቸዋል።

ስልኩ እኛንም አብልቶናል። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉ ደንበኞቼ ለሠርግ ልብስ የሚያዙት በቴሌግራም ነው፤ የእጅ ፈትል ማግ ያለው ጋቢ የሚጠይቁኝም አሁን እነሱ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ እኔም የምሠራላቸው ሸማኔዎችም እጃችንን አጣምረን ተቀመጥን። የተሠራ ልብስ ተደርድሮ ገዢው አይታይም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ባለቀለሙ ክር ዋጋው ወጣ። ሸማኔው የጨመረበትን ሁሉ ልብሱ ላይ ልጨምር ቢል፣ ጎን ለጎን የተሰቀለው የታተመ ጨርቅ አያስጨምረውም።

አንድ በዕድሜ የገፉ የአዲስ ዓለም ሸማኔ አሉ፤ ለእናቴም ሠርተዋል። ጥበባቸው በታተመ ጨርቅ ላይ ወጥቶ ባሳየኋቸው ጊዜ በጣታቸው ዳሰሱትና «ልጄ፣ ይህችን መስቀል አንዷን ክንዷን ያሳጠርኋት ክር አልቆብኝ ነበር፤ ጉድለቴንም ቀድተውታል» አሉኝ። ከሰማሁት ሁሉ ይህን ያህል ያበሳጨኝ የለም። ልጠይቅ ቢሉ ማንን ይጠይቃሉ? ጥበብ በየሰፈሩ ሲዋስና ሲወራረስ የኖረ ነው፤ «የእኔ ነው» ብሎ የሚከራከር ሸማኔ አልነበረም፣ የሚቀዳውም እንደሱው የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ነበርና። አሁን የሚቀዳው ግን አይቀመጥም።

የምጠይቀው ነገር ትልቅ አይደለም። የታተመው የታተመ ተብሎ ይሸጥ፤ የእጅ የሆነው የእጅ፣ ማጉም የእጅ ፈትል ከሆነ የእጅ ፈትል ተብሎ ይጻፍበት። ድሃ የሚችለውን ይልበስ፣ ግን የሚገዛውን ይወቅ። እኔ በሱቄ እንዲህ ማድረግ ጀምሬያለሁ፤ ጨርቁን ገልብጬ ጀርባውን አሳይቼ ነው የምሸጠው። ከደንበኞቼ አንዳንዶቹ ያን ካዩ በኋላም የታተመውን መርጠው ይሄዳሉ።

ከአሮጌው ሸማኔ ልጆች አንዱ ሙያውን ይዟል። ለመጪው ጥምቀት አዲስ ጥበብ አውጥቶልኝ ነበር። ልብሱን አስረክቦኝ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ፎቶውን ከጥምቀት በፊት አያውጡብኝ፤ በስንት ቀን ጥቅል ሆኖ እንደሚመጣ ያውቃሉ» አለኝ። እሺ አልሁት። ዋሽንግተን ያለችው ደንበኛዬ ግን ሳታይ አልከፍልም አለች፤ እውነቷን ነው። ተነጋግረን ጠርዙን ብቻ፣ ሁለት ጣት በምትሞላ ስፋት፣ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት።