ደም እንዴት በረዶ ይሆናል?

«ደም ረጋ» ሲባል የሚታሰበው ከቁስል የወጣ ደም ሲጠጥር ነው። ይህ በሞቀ ቤትም ይሆናል፤ በደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ተያይዘው መረብ ስለሚሠሩ ነው። ደም በብርድ በረዶ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ የሚጠጥረው በውስጡ ያለው ውሃ ነው። በሽኩና ዩድ አሌፍ ፍሪጁ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያስቀምጥ ሰውም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱ ወደ መጨረሻው ይመጣል።

በመጀመሪያ ንጹሕ ውሃን እንመልከት። አንዲት የውሃ ጠብታ ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ብረት ላይ ስትወድቅ ወዲያው በረዶ ላትሆን ትችላለች። ከዜሮ በታች ወርዳም ለጊዜው ፈሳሽ ሆና ትቆያለች፤ በረዶው የሚጀምርበት አንድ ነገር፣ የአቧራ ቅንጣት ወይም የብረቱ ጭረት፣ ይፈልጋል። ያ ሲገኝ ጠብታዋ በቅጽበት ትደበዝዛለች፣ ሙቀቷም ወደ ዜሮ ይመለሳል። ውሃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይለቃልና። ከዚያ በረዶው ብረቱን ከነካው ከሥር ተነስቶ ወደ ላይ ያድጋል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ በመጨረሻ የጠብታዋ አናት እንደ ጎጆ ቤት ጣሪያ ይሾላል።

የደም ጠብታ እንዲህ ቀላል አይደለችም። ጨው፣ ስኳር፣ ፕሮቲንና ሴሎች አሉባት። ከጨውና ከሌላው የተሟሟ ነገር የተነሳ ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ በረዶ መሆን የሚችለው ከዜሮ በግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ሲል ነው። ዋናው ነገር ግን በረዶ ጨው አለመቀበሉ ነው። በረዶው ንጹሑን ውሃ ብቻ እየወሰደ ሲያድግ ጨውና ፕሮቲኑን ወደ ቀረው ፈሳሽ ይገፋቸዋል። በበረዶው ቅርንጫፎች መካከል የቀረው ፈሳሽ እያነሰ፣ ጨውነቱም እየበረታ ይሄዳል። ቀይ የደም ሴሎች በዚያ ጠባብ ቦታ ተጨናንቀው ይያዛሉ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው በብርዱ ፍጥነት ይወሰናል። ብርዱ በዝግታ ከመጣ፣ ጨው የበዛበት ፈሳሽ ከሴሉ ውስጥ ውሃ ይስባል፤ ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ ቋንጣ እንደሚሆን ሴሉም ይጨማደዳል። ብርዱ እጅግ ከፈጠነ ደግሞ ውሃው ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ እዚያው ሴሉ ውስጥ በረዶ ይሆናል፣ ሽፋኑንም ይቀደዋል። ፒተር ማዙር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1972 እነዚህን ሁለት ጉዳቶች ለይተው አስረድተዋል። በወገራ ወይም በስሜን ደጋ ያደገ ሰው ይህን በማሳው አይቶታል። ውርጭ የመታው ባቄላ ማለዳ ደርቆ የቆመ ይመስላል፤ ፀሐይ ወጥታ ስታቀልጠው ነው ቅጠሉ የሚጠወልገውና የሚጠቁረው። በፍሪዘር የቆየ ሥጋ ሲቀልጥ የሚያፈሰው ቀይ ውሃም ከተጎዱ ሴሎች የወጣ ነው።

መፍትሔው የተገኘው በ1949 ነው። እንግሊዝ አገር ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አለን ፓርክስ የአውራ ዶሮ ዘር ግሊሰሮል ከተጨመረበት ብርዱን ተቋቁሞ በሕይወት እንደሚተርፍ አገኙ። ግሊሰሮል ለእጅ ቅባት የሚውለው ወፈር ያለ ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ስሚዝ ብዙም ሳይቆዩ በቀይ የደም ሴሎችም ሞከሩት። ዛሬ ግሊሰሮል የተጨመረባቸው ቀይ ሴሎች ከዜሮ በታች 65 ዲግሪና ከዚያም በቀዘቀዘ ቦታ እስከ 10 ዓመት ይቀመጣሉ። ነገር ግን ለሕመምተኛ ከመሰጠታቸው በፊት ግሊሰሮሉ ታጥቦ መውጣት አለበት። ሥራው ረጅም፣ ወጪውም ብዙ ስለሆነ በአብዛኛው ብርቅ ለሆኑ የደም ዓይነቶች ብቻ ይደረጋል።

የመጌን ዳዊድ አዶም ብሔራዊ የደም ማዕከል ራምላ ነው። በደም ማዕከል የተለገሰ ደም ይከፋፈላል። ቀይ ሴሎቹ በረዶ ሳይሆኑ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ብቻ ይቀመጣሉ፤ ዕድሜያቸውም ቢበዛ 42 ቀን ያህል ነው። ፕላዝማው ግን የሚቀደድ ቀይ ሴል ስለሌለበት ሆን ተብሎ፣ ቶሎ፣ በረዶ ይደረጋል፤ በሚያስፈልግበት ጊዜ በለብታ ውሃ ይቀልጣል።

ይህን ያወቀ ሰው በእስራኤል የኢትዮጵያውያንን የደም ታሪክ በሌላ ዓይን ያነበዋል። በጥር 1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ለዓመታት ሲጣል እንደኖረ ማዓሪቭ ጋዜጣ አወጣ። 10,000 ያህል ሰው ኢየሩሳሌም፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ተሰልፎ ጮኸ። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ የክኔሴት አባል ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክኔሴት ደም ሊሰጡ ሲሉ ተከለከሉ። በኋላ ደማቸው ሊወሰድ እንደሚችል፣ ግን በረዶ ተደርጎ እንደሚቀመጥና ለሕመምተኛ እንደማይውል ተነገራቸው። ግሊሰሮል ያልገባበት ደም በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ቀይ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ለሰው አይሰጥም። እንዲህ ያለው «እናስቀምጠዋለን» ከ«እንጥለዋለን» የሚለየው በአነጋገር ብቻ ነው። የጤና ሚኒስቴር ክልከላው እንዲነሳ የወሰነው በ2017 ነው።

ወደ ኢንሱሊኑ እንመለስ። ኢንሱሊን ሴል የለበትም፤ ውሃ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። በረዶው ፕሮቲኑን እየገፋ አንድ ላይ ሲያጨናንቀው ግን ይቋጠራል፣ ስኳር የማውረድ ኃይሉም ይደክማል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ከዚያ በታች ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ከእርሱ ራቅ ማድረግ፣ ፍሪዘር ውስጥም ፈጽሞ አለማስገባት ያስፈልጋል። በቤርሼቫ የበጋ ሙቀት ወደ ኩፓት ሆሊም ወይም ወደ ዘመድ ቤት ሲወሰድ በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ መጠቅለል ይበጃል። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ከቀለጠ በኋላ ጥርት ብሎ ቢታይም አይወጋም፤ ከፋርማሲው ሌላ ይጠየቃል።