የብስክሌትዎ ጎማ ምን ያህል አየር ያስፈልገዋል? ክብደትን መሠረት ያደረገ መመሪያ

በአውሮፓውያኑ መስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር ተካሄደ። አስተናጋጇ የሩዋንዳ መዲና ኪጋሊ ነበረች። ተወዳዳሪዎቹ በድንጋይ የተነጠፈውን የኪሚሁሩራ ዳገት ደጋግመው መውጣት ነበረባቸው። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ የጎማ የአየር ግፊት ከጉልበትና ከስልት እኩል የሚታሰብበት ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ግን የሻምፒዮኖች ብቻ አይደለም። በአሥመራ ወይም በባሕር ዳር ወደ ሥራው የሚጓዝ፣ በምዕራብ ኬንያና በምሥራቅ ኡጋንዳ በብስክሌት "ቦዳ ቦዳ" ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሁሉ ይመለከተዋል። አየሩ ካነሰ ጎማው ጉድጓድ ላይ ይበሳል፤ የዕለቱ ገቢም አብሮ ይቀራል። ከበዛ ደግሞ በጠጠር መንገድ ላይ ጎማው ይነጥራል፤ ፍሬን ሲያዝም ይንሸራተታል።

ክብደት ለምን ወሳኝ ሆነ?

የብስክሌትና የነጂውን ክብደት የሚሸከመው በዋናነት በጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ነው። አንድ ባር ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማል።

75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነጂ፣ ብስክሌቱና ቦርሳው 15 ኪሎ ቢሆኑ፣ ጠቅላላው 90 ኪሎ ይመጣል። በተለመደው አቀማመጥ ከዚህ ውስጥ 40 በመቶው በፊተኛው፣ 60 በመቶው በኋለኛው ጎማ ላይ ያርፋል። ይህም 36 እና 54 ኪሎ ማለት ነው። የኋላው ጎማ በ4 ባር ቢነፋ፣ መሬት የሚነካው ክፍል 13 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክብደቱ ሲጨምር ጎማው ይበልጥ ይጨፈለቃል፤ ቅርጹን ለመጠበቅ ግፊቱም በዚያው መጠን መጨመር አለበት።

ከየት ልጀምር?

ከላይ ለተጠቀሰው የ90 ኪሎ ድምር፣ የውስጥ ጎማ (ካላማዳሪያ) ላለው ብስክሌት፣ ለኋላ ጎማ የሚከተሉት መነሻዎች ያገለግላሉ፦

• 25 ሚሊ ሜትር ስፋት፦ ከ6 እስከ 6.5 ባር
• 28 ሚሊ ሜትር፦ ከ5 እስከ 5.5 ባር
• 32 ሚሊ ሜትር፦ ከ4 እስከ 4.5 ባር
• 40 ሚሊ ሜትር፦ ከ3 እስከ 3.5 ባር
• ከ50 እስከ 55 ሚሊ ሜትር፦ ከ2 እስከ 2.5 ባር

የፊተኛው ጎማ ከኋላው በ10 በመቶ ገደማ ቢያንስ መልካም ነው። ጠቅላላ ክብደቱ በ10 ኪሎ በጨመረ ወይም በቀነሰ ቁጥር፣ ግፊቱን በ10 በመቶ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉ። በ32 ሚሊ ሜትር ጎማ 4.2 ባር የሚበቃው 75 ኪሎ ነጂ ቢሆን፣ ለ95 ኪሎ ነጂ 5 ባር፣ ለ55 ኪሎ ነጂ ደግሞ 3.4 ባር አካባቢ ተስማሚ ይሆናል። መለኪያዎ በፒ.ኤስ.አይ. ከሆነ የባሩን ቁጥር በ14.5 ያባዙት።

በጎማው ጎን ላይ የታተመው ከፍተኛ መጠን የማይታለፍ ጣሪያ ነው እንጂ የሚመከር ልክ አይደለም። ቸርኬውም የራሱ ጣሪያ አለው። አንዳንድ ዘመናዊ የውድድር ቸርኬዎች ከ5 ባር በላይ አይፈቅዱም። ከሁለቱ ዝቅተኛውን ያክብሩ።

ተሳፋሪ ሲጫንስ?

በኋላ መጫኛው ላይ የሚቀመጥ 65 ኪሎ ሰው ክብደቱ ከሞላ ጎደል በኋለኛው ጎማ ላይ ያርፋል። ያ ጎማ ከ54 ኪሎ ወደ 119 ኪሎ ሸክም ይሸጋገራል ማለት ነው። ግፊቱን በዚሁ ልክ ማሳደግ ብዙውን ጊዜ ከጎማው ጣሪያ በላይ ያልፋል። መፍትሔው እስከተፈቀደው መጠን ብቻ መንፋት፣ ሰፋ ያለና ለጭነት የተሠራ ጎማ መጠቀም፣ ጉድጓድ ላይም ፍጥነት መቀነስ ነው።

መንገድ፣ ሙቀትና ከፍታ

በጠጠርና በድንጋይ መንገድ ላይ ግፊቱን በ10 በመቶ ያህል መቀነስ ምቾትንም ፍጥነትንም ይጠቅማል። ጠንካራ ጎማ በየጉብታው ሲነጥር ጉልበት ያባክናልና። ልኩ ከመጠን በላይ መውረዱን ግን ካላማዳሪያው ራሱ ይናገራል። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ካገኙበት ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይጨምሩ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እሾህ ወይም ሚስማር ነው።

ሙቀትም ልኩን ይለውጣል። በ20 ዲግሪ በ4 ባር የተነፋ ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞ 50 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 4.5 ባር ይጠጋል። ስለዚህ ጎማው ጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ ሳለ መለካት ይሻላል።

ከፍታም ልኩን ይለውጣል። ከባሕር ጠለል ከምትገኘው ምጽዋ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለችው አሥመራ የሚወጣ ብስክሌተኛ፣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ በመለኪያው ላይ ሩብ ባር ገደማ ጭማሪ ያያል። ሆኖም አየሩ ከ35 ወደ 18 ዲግሪ ከቀዘቀዘ፣ በ4 ባር የተነፋው ጎማ ያንኑ ያህል መልሶ ያጣል። ሁለቱ ይካካሳሉ።

በጣት መጫን በቂ ነው?

አይደለም። ጠበብ ያለ ጎማ በ4 ባርም ሆነ በ6 ባር ለአውራ ጣት እኩል ድንጋይ ይመስላል። መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ከሌለዎት ጎሚስታ ዘንድ ያስለኩ። የነዳጅ ማደያ መንፊያ ለመኪና ጎማ የተሠራ በመሆኑ ትንሿን የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳት ይችላል። ከተጠቀሙበት በአጭር በአጭሩ እየነፉ ይለኩ።

ጎማ ሳይበሳም አየር ያጣል፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይለኩት። ከዚያ በ0.2 ባር ብቻ እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ በሚያዘወትሩት መንገድ ይሞክሩ። የተስማማዎትን ቁጥር ለፊትና ለኋላ ለይተው ይመዝግቡ፤ ጭነቱ ወይም መንገዱ ሲለወጥ ስሌቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።