የፊልም ድርሰት ፋይዳ፦ ከሕንድ ሲኒማ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ስለ ፊልም ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚነሳው የተዋናዩ ስም ነው። ቀጥሎ ምናልባት የአዘጋጁ ይጠቀሳል። የደራሲው ስም ግን በተመልካቹ ዘንድ ይቅርና በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ እንኳ ሲዘነጋ ኖሯል። ይሁን እንጂ አንድ ፊልም ወይም ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በሕዝብ ልብ ውስጥ የሚቀረው ወይም ቶሎ የሚረሳው ከሁሉ በፊት በድርሰቱ ጥንካሬና ድክመት እንደሆነ ታሪክ ያስረዳል። ይህንኑ ለማሳየት የሕንድን ሲኒማ በምሳሌነት እንወስዳለን። የሕንድ ፊልም በአገራችን ሲኒማ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ሲታይ የኖረ በመሆኑ ምሳሌው ለመምህሩም ሆነ ለተማሪው እንግዳ አይሆንም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቦምቤይ ከተማ በጋራ መጻፍ ሲጀምሩ የፊልም ደራሲ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ባለሙያ ነበር። ቀረጻው እየተካሄደ ምልልሱ ከዕለት ወደ ዕለት የሚጻፍበት ጊዜም ብዙ ነበር። እነርሱ ግን ሴራው፣ ገጸ ባሕርያቱና ምልልሱ የተሟላለት ድርሰት ይዘው መቅረብን ልማድ አደረጉ። በ1973 «ዛንጂር» የተባለው ፊልማቸው ለዕይታ ሲበቃ በማስታወቂያው ላይ ስማቸው አልነበረም። ስለዚህ ሰው ቀጥረው በከተማው በተለጠፉት ማስታወቂያዎች ላይ ስማቸውን በቀለም አስጻፉ። የዚህን ፊልም ዋና ሚና በርከት ያሉ ታዋቂ ተዋንያን ሳይቀበሉት ቀርተው ነበር። የተጫወተው ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ፊልሞቹ ያልተሳኩለት አሚታብ ባቻን ሲሆን፣ በዚሁ ፊልም ስሙ ገነነ። እዚህ ላይ ድርሰቱ ተዋናዩን አወጣው እንጂ ተዋናዩ ድርሰቱን አላወጣውም ማለት ይቻላል።

የሁለቱ ደራስያን ዋና ሥራ በራመሽ ሲፒ አዘጋጅነት ነሐሴ 1975 የወጣው «ሾሌ» ነው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ታኩር የተባለ የቀድሞ የፖሊስ መኮንን መንደሩን የሚያስጨንቀውን ሽፍታ ጋባር ሲንግን ለመያዝ ጃይና ቪሩ የተባሉ ሁለት ወንበዴዎችን ይቀጥራል። መንደርን ለማዳን ተዋጊ የመቅጠር ሐሳብ አዲስ አልነበረም። ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 «ሰባቱ ሳሙራይ» በተባለው ፊልሙ አሳይቶታል፤ አሜሪካውያንም ከእርሱ ወስደው ሠርተውበታል። ሳሊምና ጃቬድ የታሪኩን አጥንት ከሌላ ቢዋሱም ሥጋውንና ደሙን ከራሳቸው አገር ሰጡት። የጋባር ስም እንኳ በ1950ዎቹ በሕንድ ከነበረ እውነተኛ ሽፍታ የተወሰደ ነው።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «ንግር» ለምንለው ዘዴ ከዚህ ፊልም ሁለት ምሳሌዎች እንጥቀስ። የመጀመሪያው የታኩር ሻል ነው። ታኩር ሁልጊዜ ሻሉን ተከናንቦ ይታያል፤ ተመልካቹም የባላባት ልብስ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሽፍቶቹ መንደሩን በወረሩበት ቀን ጠመንጃ ከታኩር እግር ሥር ወድቆ ሳለ አላነሳም። ወንበዴዎቹ በዚህ ተቆጥተው ሊሄዱ ሲሉ ያለፈ ታሪኩ በምልሰት ይነገራቸዋል። በመጨረሻም ሻሉ ሲወድቅ ጋባር ሁለት እጆቹን እንደቆረጠው ይታያል። በዚያች ቅጽበት ተመልካቹ ከዚያ በፊት ያየውን ሁሉ በአዲስ ዓይን መለስ ብሎ ይመለከታል።

ሁለተኛው የጃይ ሳንቲም ነው። ጃይና ቪሩ አንድ ጉዳይ መወሰን ሲያቅታቸው ጃይ ሳንቲም ወርውሮ ይቆርጣል። በመጨረሻው ውጊያ ማን ወደ ኋላ ቀርቶ ሽፍቶቹን እንደሚመክት የሚወሰነው በዚሁ ሳንቲም ነው። ጃይ ከሞተ በኋላ ግን ቪሩ ሳንቲሙን ሲያገላብጠው ሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት ሆኖ ያገኘዋል። ዕድል የመሰለው ነገር የጃይ የራሱ ምርጫ ነበር ማለት ነው። ይህን ካሜራ ብቻውን አይፈጥረውም፤ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የታሰበ ነው።

ምልልሱም እንዲሁ ነው። ሳምባ የተባለው የጋባር ሎሌ በፊልሙ ውስጥ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ቃላት ብቻ ሆኖ ሳለ ስሙ እስካሁን ይታወሳል። የፊልሙ ምልልስ ያለ ሥዕል፣ በሸክላ ብቻ ታትሞ በብዛት መሸጡም የቃሉን ኃይል ያሳያል።

እርግጥ «ሾሌ» በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ አቀባበል ስለገጠመው ጃይ እንዳይሞት ተደርጎ መጨረሻው እንደገና ይቀረጽ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ሐሳቡ ቀረና ድርሰቱ እንደ ተጻፈ ጸና፤ ፊልሙም በቦምቤይ ሚኔርቫ ሲኒማ ቤት ከአምስት ዓመት በላይ ታየ። ሳይጸና የቀረው ሌላው ክፍል ነው። በድርሰቱ ታኩር እጅ ስለሌለው ጋባርን በእግሩ ይገድለዋል። በዚያው ዓመት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀባት ሕንድ ሳንሱሩ ይህን አልፈቀደምና ፖሊስ ደርሶ ጋባርን እንዲያስር ተደርጎ ተቀረጸ። የመጀመሪያው መጨረሻ በታደሰው ቅጂ ውስጥ ተመልሶ ጣሊያን ውስጥ በቦሎኛ ከተማ ለተመልካች የቀረበው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2025 ነው።

ይህ ሁሉ የአዘጋጁ ችሎታ ነው የሚል ቢኖር የራመሽ ሲፒን ቀጣይ ሥራዎች እንመልከት። በ1980 «ሻን» የተባለውን ፊልም በከፍተኛ ወጪ አዘጋጀ። ደራስያኑም እነዚያው ነበሩ፤ ባቻንም ተውኖበታል። ነገር ግን የ«ሻን» ክፉ ሰው በደሴት ላይ፣ በመሣሪያ በተሞላ ምሽግ ውስጥ የሚኖር፣ ከጄምስ ቦንድ ፊልሞች የመጣ የሚመስል ነበር። ጋባርን የገጠር ሰው ያውቀዋል፤ ይህንን ግን የሚያውቀው አልነበረም። ፊልሙም የ«ሾሌ»ን ያህል አልተወደደም። ከዚህ የምንረዳው የታወቀ ደራሲ ስም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ነው።

በ1986 ደግሞ ሲፒ ከሰፊው የሲኒማ መጋረጃ ወጥቶ ወደ ትንሿ የቴሌቪዥን መስኮት መጣ። በመንግሥት ቴሌቪዥን የቀረበው «ቡኒያድ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ደራሲው ማኖሃር ሺያም ጆሺ ነበር። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከላሆር የተፈናቀለን ቤተሰብ ታሪክ ይተርካል። ፈረሰኛም ሆነ የተኩስ ጋጋታ ሳያስፈልገው፣ ሕዝቡ የራሱን ቁስል ስላየበት በጉጉት ተከታተለው።

በመጨረሻም በ2007 ራም ጎፓል ቫርማ የተባለ አዘጋጅ የ«ሾሌ»ን ታሪክ ወደ ዘመናዊ ከተማ አምጥቶ እንደገና ሠራው። በ1975 ጃይን ሆኖ የተጫወተው ባቻን፣ በዚያን ጊዜ ታላቅ ዝና የነበረው ሰው፣ የሽፍታውን ሚና ያዘ። ውጤቱ ግን ከባድ ውድቀት ሆነ። አጥንቱ ያው ነበር፤ የጎደለው ሥጋው ነው።

ከላይ የዘረዘርነው የተዋንያንን፣ የሙዚቃ ባለሙያውንና የካሜራ ሠራተኛውን ድርሻ ለማሳነስ አይደለም። ሁሉም የሚቆሙት ግን በድርሰቱ ላይ ነው። በየትምህርት ቤታችን የድራማ ክበባት ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚታየው የተገላቢጦሽ ነው፤ ልብስ ይፈለጋል፣ ሚና ይከፋፈላል፣ ጽሑፉ በመጨረሻው ሳምንት ይጣደፋል። ተውኔቱም በዝግጅቱ ማግስት ይረሳል።

ስለዚህ መምህራን ይህን ብንሞክር እንላለን። ተማሪዎች አጭር ተውኔት ሲጽፉ አንድ ተራ ዕቃ ይምረጡ፤ መጀመሪያ ላይ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ይምሰል፣ መጨረሻ ላይ ግን ታሪኩን የሚፈታ ይሁን። ጽሑፉ ተነቦና ታርሞ ሳያልቅ ሚና አይከፋፈል። የዝግጅቱ ማስታወቂያ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍም የጻፈችው ወይም የጻፈው ተማሪ ስም ከተዋንያኑ በላይ ይስፈር። የደራሲን ዋጋ ከትምህርት ቤት የተማረ ትውልድ፣ ስሙን በቀለም የሚያስጽፍለት ሰው መቅጠር አያስፈልገውም።